ረግጠሽ ቆዪ

ጥቅምት 11 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጎረቤቴ እማማ ነጎድጓድ ከታመሙ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። እጃቸው በመጠኑ እየተመለሰ ነው፤ እግራቸው ግን እንጨት ሆኖ ቀርቷል። ባለቤታቸው ሰዓት ሠሪው ሱቃቸውን ግማሽ ቀን እየዘጉ ያስታምሟቸዋል። ነርሷ ልጃቸውም የወር ሕፃን ታቅፋ እናቷ ዘንድ ገብታለች። እና ቤቱ በአንድ ጊዜ የአራስም የሕመምተኛም ቤት ሆኖልዎታል። ሕፃኗ ስታለቅስ አያትየው ይነቃሉ፣ አያትየው ሲያቃስቱ ሕፃኗ ትነቃለች፣ ሰዓት ሠሪው ደግሞ ሁለቱንም አባብለው ሳይጨርሱ ሰዓቶቹ ይደውላሉ።

ውይ! ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ ጀመርኩ። እናቴ "የአንቺ ምላስ ከእግርሽ ይቀድማል" ትለኝ ነበር፤ አልዋሸችም። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ይህች ወረቀት የምትሄደውን መንገድ ያህል ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ፖስታው እንደታሸገ ጤናዎም እንዲሁ ሳይከፈት ይቆይልኝ። ባለቤትዎንም በእኔ ስም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት እህትማማቾች ነበሩ። ያየሁዎት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ታላቅ አክስታችን ያረፉ ጊዜ። ዘመዱ ሁሉ "ፌንጣው" ይልዎት ነበር፤ ልጅ ሆነው ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግርዎ አርፎ አያውቅም ነበር አሉ። በኋላ ውጭ አገር ሄደው በዚያው እግርዎ ኦርጋን ተጫዋችም አስተማሪም ሆኑ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደል ብገድፍ ከጨርቅ ላይ እንደቀረ ክር ይቁጠሩልኝ።

ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው ብለው እንዳይደነግጡ። የምጠይቅዎት እግር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ነጎድጓድ የጸሎት ቤታችን ኦርጋን ተጫዋች ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በእግራቸው ነው፤ ከሥር ያሉትን ረጃጅም እንጨቶች ሲረግጧቸው የአዳራሹ ወለል ይነዝር ነበር። ቤታቸው ከአዳራሹ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የተጣበቀው። መደርደሪያቸው ላይ አንዲት ብርጭቆ አለች፤ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ በተረገጠ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ሆና ትንጫጫለች። ሰዓት ሠሪው "ይቺ ብርጭቆ ሥራ አስፈታችኝ" እያሉ ሲያማርሩ ኖረው፣ ባለፈው ሳምንት "ዝምታዋ ባሰብኝ" አሉኝ።

እኔን ኦርጋን ያስነኩኝ እሳቸው ናቸው። ባሌ ትቶኝ የሄደ ጊዜ በሬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። እማማ ነጎድጓድ ሳያንኳኩ ገቡና "እጅሽ ሥራ ይፈልጋል፤ ዓይንሽማ ሲያለቅስ ሥራ ይዟል" ብለው ጎትተው አስነሱኝ፣ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መዝሙሮቹን በጆሮዬ ይዤ በእጄ መጫወት ቻልኩ። እግር ላይ ሳንደርስ እሳቸው ታመሙ።

አሁን የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ "በእጅ ብቻ ከሆነ ትንሽ ኪቦርድ ትበቃናለች፤ ይሄ ቤት የሚያህል ነገር ቦታ ይዞብናል" አሉ። ሌላ ከተማ ያለ አዳራሽም ስጡን ብሎ ጠይቋል። አዳራሹ ታድሶ ሚያዝያ ላይ ሲከፈት በእጅም በእግርም የሚጫወት ሰው ከሌለ ኦርጋኑ ይነቀላል። ያኔ ምላሴ እንደ ልማዷ ቀደመችኝና "እኔ አለሁ" አልኩ። "በእግርሽም?" አሉ። "የስፌት መኪናዬን በእግሬ እየረገጥኩ አይደል ልጆቼን ያሳደግኩት?" አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ፈራሁ።

እማማ ነጎድጓድ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስዙረው ጀርባቸውን ለአዳራሹ ግድግዳ ሰጥተዋል። ኦርጋን ሲነሳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከተነቀለማ አብረው የሚነቀሉ ይመስለኛል። እባክዎ ጋሼ፣ ለጀማሪ እግር የሚሆን ነገር ይጻፉልኝ።

ወሬኛዋ የሩቅ እህትዎ፣ ልብስ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለልብስ ሰፊዋ እህቴ፤

ሰላምታሽ በደህና ደርሶኛል። አንቺም ልጆችሽም ደህና ሁኑልኝ። መልሱ ለዘገየው ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ አይደለም፤ ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ሳየው ከረምኩ።

"እርስዎ" የምትይውን ተይው። አያቶቻችን በአንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ ያደጉ ናቸው። ጋሼ ካልሽኝ ይበቃኛል።

ፌንጣው አርጅቷል፤ ማስተማርም ትቻለሁ። መጽሐፍ ልልክልሽ ነበር፤ ግን እግር ማንበብ አይችልም። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ወንበሩ። ስትቀመጪ እግርሽ እንጨቶቹን ሳይጫን ይንካቸው። ካልደረሰ ወንበሩ ከፍ ብሏል፤ ሳትፈልጊ ድምፅ ካወጣ ዝቅ ብሏልና ከሥሩ ጣውላ ክተቺ። ክብደትሽ ወንበሩ ላይ ይረፍ እንጂ እግርሽ ላይ አይረፍ፤ እግር ሸክም ይዞ አይጫወትም።

ሁለተኛ ጫማው። ሶሉ ስስ፣ ተረከዝ ያለው፣ ላስቲክ ያልሆነ ይሁን። እግርሽ እንጨቱን ካልሰማው የት እንደቆመ አያውቅም።

ጉልበቶችሽ እንደተዋደዱ ሰዎች ተጠጋግተው ይቀመጡ። የምትረግጪው በአውራ ጣትሽ ሥር ባለው በውስጠኛው ጎን ነው። ጭንሽን አታንሺ፤ የሚሠራው ቁርጭምጭሚት ነው። ውኃ የፈሰሰበት ወለል ላይ እንደምትሄጂ ሆነሽ እርገጪ እንጂ ጉንዳን እንደምትገድዪ ሆነሽ አትርገጪ።

ወደ ታች አትመልከቺ። በመኪናሽ ስትሰፊ እግርሽን ታዪዋለሽ? አታዪውም። እዚህም እንደዚያው ነው። ከፍ ከፍ ያሉት አጫጭር እንጨቶች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተቀመጡት፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ዓይነ ስውር በር እንደሚፈልግ ክፍተቱን በጫማሽ ጫፍ ፈልጊው፤ ከዚያ ቤቱን ታውቂዋለሽ።

በመጀመሪያ እግር ብቻ፣ ያለ እጅ። እጅግ ቀስ ብለሽ።

ጋሼ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ውድ ጋሼ፤

ደብዳቤህ ስትደርሰኝ ጨርቁን ጥዬ ቆሜ አነበብኳት። በሰላም ውለህ በሰላም እደር፤ በሄድክበት ሁሉ ወለሉ ይመችህ። "አንተ" ማለት አፌን ያዝ እያደረገኝ ነው፤ ግን ይለመዳል። ስለ ባለቤትህ፣ ስለ እትዬ፣ ምንም አልጻፍክልኝም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ነው። በድጋሚ ሳምልኝ፤ የባለፈው መሳም መንገድ ላይ ቀርቶ እንዳይሆን።

የጻፍክልኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ወንበሩ ከሥሩ ጣውላ ፈልጎ ነበር፤ የአዳራሹ ዘበኛ ጠርቦ ሰጠኝ። ወደ ታች ማየቱ ግን አልተወኝ አለ። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ፣ ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ሰፊ ጥቁር ጨርቅ ቀደድኩና አንዱን ጫፍ ከአንገቴ አሰርኩት፣ ሌላውን በመርፌ ቁልፍ ከኦርጋኑ ጠርዝ ጋር አያያዝኩት። ከወገቤ በታች የለሁም። ዘበኛው መብራት ሊያጠፋ ገባና ሲያየኝ "እሜቴ፣ ፀጉር ቆራጩ የት ሄደ?" አለኝ። ጨርቁ እስኪርገበገብ ሳቅን። እውነትህን ነው ግን፤ ዓይን ሲዘጋበት እግር ራሱን ቻለ።

የምጫወተው ኦርጋኑን የሚነፋውን ሞተር አጥፍቼ ነው። ድምፅ አይወጣም፤ እግሬ ብቻ ይመላለሳል። እማማ ነጎድጓድ ከግድግዳው ማዶ ናቸው። በወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ሲደናበር መስማት የለባቸውም። የሚጮኸውን የምሞክረው እግራቸውን ለማሳሸት ሐኪም ቤት በሚወስዷቸው ቀን ነው።

እዚያ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። አንዷን እንጨት ረገጥኳት። አንድ ወፍራም ድምፅ መምጣት ሲገባው "ቡ ቡ ቡ ቡ ቡ" አለ። ሌላዋን ሞከርኩ፤ "ቡ ቡ ቡ"። ለካስ እግሬ እየሰፋ ነው! ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፤ ዕድሜ ልኩን የመኪና መርገጫ ሲያመላልስ የኖረ እግር እንጨት ሲያገኝ ማረፍ የት ያውቃል? አንዱን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ጠቅሜ ጠቅሜ አወጣሁት። ዘበኛው "ዛሬስ ስንት ሱሪ ጨረሱ?" ብሎኛል።

ጋሼ፣ ይሄ እግር መድኃኒት አለው?

ልብስ ሰፊዋ


ጥር 20 ቀን

እህቴ፤

ለሰላምታሽ ሰላምታ ይድረስሽ። ዘበኛሽ ፀጉር ቆራጩን የጠየቀሽ ቦታ ስደርስ ሳቅኩ። የራሴ ሳቅ አስደነገጠኝና ዞር ብዬ ቤቱን አየሁ።

መድኃኒት አለው። የመኪና እግር ሥራው መመላለስ ነው፤ የኦርጋን እግር ሥራው መቆየት ነው። ረግጠሽ ቆዪ። ሌላው እግር ቀጣዩን ድምፅ እስኪቀበል ድረስ ያኛውን አትልቀቂ። ልጅ ከእቅፍ ወደ እቅፍ እንደሚሸጋገር አድርጊው፤ መሬት አይነካም፣ ሁለት ሰውም አይጓተተውም። ጎን ለጎን ያሉ ድምፆች ሲመጡ አንዱን በጣትሽ፣ ቀጣዩን በዚያው እግር ተረከዝ ያዢው። ያንቺ እግር ጣትና ተረከዝ ያውቃል፤ ብዙ ተማሪ ለዚያ ነው የሚያለቅሰው። ማረፍን ብቻ ጨምሪበት።

እጅ ስትጨምሪ ግራ እጅሽ ግራ እግርሽን ሊከተል ይፈልጋል። መንታ ናቸው፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ያለቅሳል። ስለዚህ ቀኝ እጅሽን አሳርፊና ግራ እጅሽን ከእግሮችሽ ጋር ብቻቸውን አለማምጃቸው፤ ተለያይቶ መሄድን እስኪማሩ።

ከዚህ ጋር ጫማ ልኬልሻለሁ። ሰፊ ከሆነብሽ ጥጥ ጠቅጥቂበት።

ጋሼ


የካቲት 14 ቀን

ውድ ጋሼ፤

ምን ብዬ ላመስግንህ? የሰጠኸኝን ያህል ከየትም አግኝ፤ ተረከዝህ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልህ። ጫማው ልኬ ነው። ጥጥ አልፈለገም።

የመኪናዬን ቀበቶ ከጎማው ላይ አወለቅኩት፤ አሁን መርገጫው ቢረገጥም መርፌው አይሰፋም። ጨርቅ ስቆርጥ፣ ቁልፍ ስተክል፣ ደንበኛ ሳነጋግር እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ ወደ ፊት ዘንበል አደርገውና እንዳዘነበለ አቆየዋለሁ። ሊመለስ ሲል "ቆይ!" እለዋለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚስ እየለካሁላት "ቆይ!" ስል ሰምታ ትንፋሿን ይዛ ቆመች፤ ፊቷ እስኪቀላ! እግሬ ግን ገብቶታል። ባለፈው እማማ ነጎድጓድ ሐኪም ቤት በሄዱ ጊዜ ሞተሩን አብርቼ ስረግጥ አንድ ድምፅ፣ እንደ ጥሩ ገመድ የተወጠረ፣ ሳይቆራረጥ መጣ። ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ።

ስለ ጫማው አንድ ነገር ልበልህ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ያለቀ ነገር ሳገኝ ከየት በኩል እንዳለቀ አያለሁ። የእነዚህ ጫማዎች ውጭኛ ጎን ትናንት የተገዛ ይመስላል። ውስጠኛው ጎን፣ በአውራ ጣቱ ሥር፣ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ቁርጭምጭሚት ከቁርጭምጭሚት የሚተሻሽበት ቦታም ለስልሷል። ያኔ ነው ያልከኝ የገባኝ። እኔም እግሬን እዚያው ያለቀበት ቦታ ላይ ሳደርገው ጫማው ራሱ ይመራኛል። የቀኙ ተረከዝ ላይ በእጅ የተጠገነ ስፌት አለ። ወፍራም ክር፣ ጠማማ ስፌት፤ የወንድ እጅ ነው። አልፈታሁትም፤ እንዳለ ነው ያለው።

የሴት ጫማ ነው ጋሼ። የማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ሰው ያረጀ ልብስ ሲያመጣልኝ ማን ለብሶት እንደነበር አልጠይቅም፤ ሲፈልግ ራሱ ይነግረኛል።

የእማማ ነጎድጓድ ነገር አላማረኝም። ጥር ወር ላይ አልጋቸውን እንደገና አስዙረው ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር አስጠጉት። አሁን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚውሉት። ልጃቸው ስታጎርሳቸው እንኳ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው "ቆዪ" ይሏታል እንጂ አይዞሩም። ሰው ፊቱን ለግድግዳ ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ሸኙኝና የካፖርታቸውን ቁልፍ ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ።

ቶሎ መድረስ አለብኝ። እና እንቢ ያለኝ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ግራ እግሬ ይዘገያል። እጆቼ ደርሰው፣ ቀኝ እግሬ ደርሶ፣ እሱ እንደ ሰርግ ዘመድ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ይመጣል። ምን ላድርገው?

ቤትህ ሰላም ይሁን።

ልብስ ሰፊዋ


መጋቢት 8 ቀን

እህቴ፤

በዚህኛው ደብዳቤሽ ሰላም አላልሻትም። ገብቶሻል ማለት ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጫማው የእሷ ነው። እሷም ተጫዋች ነበረች። የእሷና የእኔ ጫማ ከአግዳሚው ሥር ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጠው፤ አንዳችን ስንነሳ ሌላችን እንቀመጣለን። ተረከዙን የጠገንኩት እኔ ነኝ። "አንተ በእግርህ ነው መስፋት ያለብህ" ብላ ስቃብኛለች።

ለዘመድ አልጻፍኩም። መጀመሪያ አቃተኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ዘገየብኝ። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ "ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ" ይላል። እውነቱን ልነግርሽ ብዕር አነሳሁና ተውኩት። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ባለቤቴን ቤቷ እንዳለች አድርጎ ሰላም እያላት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዳትተዪ ፈራሁ። በሁለተኛውም ሰላም አልሻት፤ ለዚያኛውም አመሰግንሻለሁ።

እሷ ካረፈች ወዲህ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። የግራ እግርሽን ነገር በሐሳቤ ብፈልገው አልመጣልኝ አለ። ስለዚህ ሄጄ ተቀመጥኩ። አቧራውን ጠረግኩና ረገጥኩ። የእኔም ግራ እግር ዘገየ! ቁጭ ብለን ተያየን፣ እኔና እግሬ።

መልሱ ይኸውልሽ። ግራ እግርሽ ሲመታ አይዘገይም፤ ሲነሳ ነው የሚዘገየው። ቀኙ ገና እየጮኸ ሳለ ግራው ከሚቀጥለው እንጨት በላይ ደርሶ፣ ነክቶ፣ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ተራው ሲደርስ የሚቀረው መጫን ብቻ ይሁን። በሐሳብሽ አንድ ድምፅ ቅደሚው። የምላስሽን መቅደም ለእግርሽ አበድሪው።

ስለ ጎረቤትሽ ምክር የለኝም። ቀኑ ሲደርስ ግን ሞተሩን አብሪ፤ ተጫዋችን ዝምታ አያሳርፈውም። እኔ አሁን በየጠዋቱ እቀመጣለሁ። እግዜር ይስጥሽ።

ጋሼ


ሚያዝያ 10 ቀን

ውድ ጋሼ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ ብዬ ዘግይቼ ልጀምር። ደብዳቤህን ሳነብ መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ፤ ቀበቶው ወልቆ ስለነበር ማንም ሥራ ፈታች አላለኝም። እትዬንም ባለችበት ሰላም በልልኝ። ይኸው፣ አልተውኩም። ጫማዋ ሥራ ላይ ነው፤ ይህንንም ንገርልኝ።

አዳራሹ እሑድ ተከፈተ። ጥቁሩን ጨርቅ ቤቴ ትቼው ሄድኩ። ሰው ሞልቷል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ባለ መድኃኒት ቤቱ እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዘበኛው ሞተሩን ሲያበራው ቧንቧዎቹ እንደ ሰው አየር ሳቡ። ያኔ የጫማውን የሳሳ ጎን በአውራ ጣቴ ሥር ፈለግኩት፤ እዚያው ነበር። ክፍተቱን ዳሰስኩ፣ አገኘሁት፣ ረገጥኩ፣ ቆየሁ።

ጋሼ፣ ወለሉ ነዘረ!

ቀኙ እየጮኸ ሳለ ግራው ቀድሞ ሄደ፣ ደረሰ፣ ጠበቀ፣ ተጫነ። ሕዝቡ መዝሙሩን ሲያነሳ ከሥራቸው እኔ ነበርኩ፤ እንደ መሠረት ከሥር መሆን ምን ያህል እንደሚያስደስት ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደስታዬ በዛና ልደብቅህ አልችልም፣ እግሬ ሁለቴ ሦስቴ ሰፋ። "ቆይ!" አልኩት፣ ቆየ። ከፊት የተቀመጡት ሰምተውኛል መሰለኝ፤ ልትነሳ የነበረች አንዲት ሴት ተመልሳ ተቀመጠች።

ስለ አንተ፣ ስለ እትዬም አመሰግናለሁ። ወንበር ላይ ላስቀመጡኝ፣ ጣውላ ለጠረበልኝም አመሰግናለሁ። ምስጋና ሲበዛ ማን ጋ እንደሚደርስ አላውቅም፤ አንተ ጋ ልኬዋለሁ፣ አከፋፍለው።

ትናንት ቤቴ ሰው ሲወጣ ሰው ሲገባ ዋለ። መጀመሪያ የመጣው ዘበኛው ነው። በር ላይ ቆሞ "እሜቴ፣ ያንን ጥቁር ጨርቅ ካልፈለጉት ለመጋረጃ ስጡኝ፤ ከእንግዲህ ፀጉር የሚቆረጥ የለም" አለኝ። ሰጠሁት።

ቀጥለው ባለ መድኃኒት ቤቱ መጡ። ምንም ያልሆነ ኮት ይዘው "እጅጌው ረዘመብኝ" አሉ። ለካሁት፣ ልክ ነው። አንገታቸውን አከክ አደረጉና "ለዚያኛው ከተማ አንሰጥም ብለን ጽፈናል። ቦታውን ያዘ ያልኩት... ለካስ ቦታው የእሱ ነበር" አሉኝ። ኮታቸውን ሳልነካው መለስኩላቸው፤ "አሁን ልክ ሆነ" ብለው ወጡ።

ሲመሻሽ ሰዓት ሠሪው መጡ። ያቺን ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። "እሑድ ዕለት ከመደርደሪያው ዘላ እቅፌ ላይ ወደቀች። ይዣት አለቀስኩ፤ ለሰው እንዳትነግሪ" አሉኝ። ይኸው ለአንተ ነገርኩ።

"እሳቸውስ?" አልኳቸው።

ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ስንት ወር ዝም ያለችው ሴትዮ ዛሬ አላስቀምጥ አለችን" አሉ። "ሂድና ንገራት ብላ ነው የላከችኝ። እንደ ተናገረችው ልናገር፤ 'ሞተሩን ስታጠፋው የእንጨቱ ኳኳታ የማይሰማ መስሏት ነው? አልጋዬን ግድግዳው ሥር ያስጠጋሁት ለምን መሰላት? ከጥር ጀምሮ እግሯን ስቆጥር፣ ሲያጎርሱኝ እንኳ ቆዩ ስል ነው የከረምኩት። ግራ እግሯ ሲዘገይ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እሑድ ደረሰ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን መልሳ ሰፍታዋለች፤ ነገ ጠዋት ትምጣ፣ ከየካቲት ወዲህ ኳኳታው የተለወጠውን ያንን ጫማም ይዛ' አለችሽ" አሉኝ።